እሺ ሲሉኝ ቴርሞስታቱ የት ነበር?

ባለፈው ዓመት ኦገስት ሃያ ቀን፣ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ በፌርፋክስ ጎዳና ከሐበሻ ሱቆቹ ጀርባ ባለው የመኪና ማቆሚያ ውስጥ፣ ከመኪናዬ ሞተር ላይ አንድ ክፍል ያለ ፈቃዴ ተፈትቶ ወጥቷል። ክፍሉ ቴርሞስታት ይባላል። በመዳፍ ውስጥ የሚጠፋ፣ ውሃው ሲግል የሚከፈት፣ ሲቀዘቅዝ የሚዘጋ ትንሽ የብረት በር ነው። ያወጡት ሰው በሰፈሩ ሁሉ ጋሼ የሚባሉ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ጡረተኛ ሾፌር ናቸው። ከሁለት ቀን በኋላ፣ ዓርብ ጠዋት፣ አሥራ አንድ ዓመት የጠበቅሁት ቀጠሮ በዚሁ ክፍል ምክንያት አመለጠኝ። ከዚያ ወዲህ ስለ መኪናዬ እርጅና ብዙ ሰው ብዙ ነገር ነግሮኛል። ስለ ክፍሉ አንድ ቃል የተናገረ የለም።

ስለ ራሴ የሚያስፈልገውን ያህል ልናገር። አዲስ አበባ ሳለሁ በምህንድስና ፋኩልቲ ለዘጠኝ ዓመት የሙቀት ዝውውርን አስተምር ነበር። ሙቀት ከጋለ ነገር ወደ ቀዘቀዘ ነገር በምን ፍጥነት እንደሚሄድ፣ ምን እንደሚያግደው፣ ሲታገድ የት እንደሚከማች የማውቀውን ያህል የገዛ ዘመዶቼን አላውቅም። የዶክትሬት ዲግሪዬን ያገኘሁት በሦስተኛ አገር ስለሆነ፣ እዚህ ወረቀቱ ታየ፣ ተመሰገነ፣ ተመለሰልኝ። አሁን ካልቨር ሲቲ ውስጥ በአንድ የቢሮ ሕንፃ ምድር ቤት፣ በመስታወት ክፍል ውስጥ ተቀምጬ የፓርኪንግ ቲኬት እቀበላለሁ። የምኖረው ሃውቶርን ነው።

መኪናዋን ከዚያ ቀን አራት ዓመት ቀደም ብዬ ስገዛት ዕድሜዋ ሃያ አንድ ነበር። እንዲህ ያለች መኪና ከምንም በላይ የምትፈራው ሙቀትን ስለሆነ፣ ሌላውን ትቼ በማቀዝቀዣው ላይ አተኮርሁ። እሑድ ጠዋት፣ ሌላው ሰው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ፣ እኔ ሞተሩ ፈጽሞ እንደቀዘቀዘ ኮፈኑን እከፍት ነበር። በፕላስቲክ ማጠራቀሚያው ውስጥ ያለው ፈሳሽ በሁለቱ መስመሮች መካከል መሆኑን አያለሁ። ራዲያተሩንና ሞተሩን የሚያገናኙትን ሁለት የጎማ ቱቦዎች በጣቶቼ እጨምቃለሁ፤ ቢንጣጡ ደርቀዋል፣ እንደ ሊጥ ቢልሙ ከውስጥ በስብሰዋል ማለት ነው። የራዲያተሩን ክዳን ገልብጬ ጎማውን እመረምራለሁ፤ ግፊቱን የሚይዘው እሱ ነው፣ ግፊት ከሌለ ደግሞ ውሃው ቶሎ ይፈላል። በራዲያተሩ ክንፎች መካከል የተሰካውን ትንኝና ቅጠል በለስላሳ ብሩሽ አወጣለሁ። በየሁለት ዓመቱ አሮጌውን ፈሳሽ አፍስሼ፣ ግማሹን ኩላንት የሚባለውን ማቀዝቀዣ ፈሳሽ፣ ግማሹን የተጣራ ውሃ አድርጌ እሞላለሁ። የቧንቧ ውሃ ጨምሬ አላውቅም። የዚህ ከተማ ውሃ በማንቆርቆሪያዬ ሥር የሚተወውን ነጭ ቅርፊት ያየ ሰው ለምን እንደሆነ አይጠይቀኝም። ሁሉንም ከነቀኑ በደብተር እጽፍ ነበር። በአራት ዓመት ውስጥ የሙቀት መለኪያው መርፌ ከመካከሉ ዝንፍ ብሎ አያውቅም።

ጋሼ በወጣትነታቸው በከባድ መኪና በአሰብ መስመር ሲመላለሱ የኖሩ፣ እዚህ ከመጡ በኋላ ደግሞ ሃያ ዓመት ታክሲ የነዱ ሰው ናቸው። አሁን ከሱቆቹ ጀርባ፣ በታናሽ እህቴ ፀጉር ቤት የኋላ በር አጠገብ፣ በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጠው ይውላሉ። ባትሪ የሞተበትን ያስነሳሉ፣ ጎማ የጎደለበትን ይነፋሉ፣ ውሃና ዘይት ያያሉ። ስለዚህ ሁሉ ከማንም አንድ ሳንቲም አይቀበሉም። ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ተከፍሎት የሚሠራን ሰው «ተው» ማለት ይቻላል፤ በነጻ የሚያገለግሉ ሽማግሌን «ይተዉ» የሚል አፍ በእኛ ዘንድ የለም።

ጋሼ እንደሚሉት፣ በአሰብ መንገድ አንድ ሕግ ነበር፤ ሾፌር አዲስ መኪና በተረከበ ቀን ቴርሞስታቱን አውጥቶ ይጥላል። በዚያ በረሃ ውሃው እንደ ልቡ መሮጥ አለበት፣ በር አያስፈልገውም። ለዚያ ጊዜ ሞተሮች ይህ ያስኬድ ይሆናል። የእኔ መኪና ሞተር ግን በሌላ መንገድ የተሠራ ነበር። በእርሱ ውስጥ ቴርሞስታቱ በአንድ እንቅስቃሴ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ውሃው ሲግል ወደ ራዲያተሩ የሚወስደውን መንገድ ይከፍታል፣ በዚያው ቅጽበት ውሃው ራዲያተሩን ሳያይ ወደ ሞተሩ የሚመለስበትን አቋራጭ ይዘጋል። ቴርሞስታቱ ከወጣ አቋራጩን የሚዘጋው የለም። በአጭር መንገድና በቀዝቃዛ ጠዋት ጉዳቱ አይታይም፤ እንዲያውም ሞተሩ ከወትሮው ቀዝቅዞ ይገኛል። በሙቀት ቀን፣ በረጅም መንገድ፣ መኪና በመኪና ላይ ሲቆም ግን፣ የጋለው ውሃ ከነሙቀቱ እየተመለሰ ሞተሩን ይቀቅለዋል።

ይህን ለጋሼ በካርቶን ጀርባ ሥዬ አስረድቻቸዋለሁ።

«ዶክተሯ» አሉኝ፣ ካርቶኑን እያገላበጡ፣ «ይኼ የሞተር ነው የሆድ ዕቃ?»

«የሞተር ነው፣ ጋሼ። ይኼኛው በር ሲከፈት ያኛው ይዘጋል።»

«ለምን ይዘጋል? ውሃ አይደል፣ ይሂድ!»

«እንዲሄድ የሚፈለገው በራዲያተሩ በኩል ነው።»

«እኔ የዶቢን በረሃ በሐምሌ አቋርጫለሁ፣ እስከ አፍንጫዋ ጭኜ። አንድ ቀን ጢስ አላየሁም። አንቺ የእጅ ቦርሳ ይዘሽ ከሃውቶርን ፌርፋክስ ለምትመላለሽው በር ምን ያደርግልሻል?»

«የእርስዎ መኪናና የእኔ መኪና አንድ አይደሉም።»

«እሱስ ልክ ነሽ። የኔዋ አልተማረችም።»

በፀጉር ቤቱ በር ላይ የቆሙት ሴቶች ሳቁ። እኔም ፈገግ አልሁ። ይህን ውይይት በአራት ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ እንደደጋገምነው አልቆጠርሁም፤ ሁልጊዜ የሚያበቃው በእርሳቸው ቀልድ ነበር።

በኦገስት መጀመሪያ ከአንድ የሎንግ ቢች ኮሌጅ ደብዳቤ ደረሰኝ። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ለጀማሪ ተማሪዎች፣ የሙቀትን ትምህርት የሚያስተምር ሰው ይፈልጋሉ፤ በኮሚቴ ፊት ቀርቤ የናሙና ትምህርት እንድሰጥ ተጠርቻለሁ። ቀኑ ኦገስት ሃያ ሁለት፣ ዓርብ፣ ከጠዋቱ በአራት ሰዓት። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ላመለከትሁባቸው ቦታዎች ሁሉ የመጣ የመጀመሪያው ጥሪ ነበር። ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው። ሁለተኛ ጥሪ እንደማይመጣ ለማወቅ ስሌት አያስፈልገኝም ነበር።

ረቡዕ ከሥራ ስወጣ ፀጉሬን ለመሠራት ወደ እህቴ ሄድሁ። የመኪናዬን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁ። ፀጉሬ በቢጎዲን ተጠቅልሎ፣ ካስኩ ከራሴ በላይ እየነፈሰ ተቀምጬ ሳለሁ፣ ጋሼ ውሃ ሊጠጡ ገቡ። እህቴ በልጅነቷ እዚህ ስለመጣች ሽማግሌን አንቱ ማለት አልለመደችም።

«ጋሼ፣ ዓርብ እኮ ሎንግ ቢች ኢንተርቪው አላት» አለቻቸው። «እስቲ መኪናዋን ቼክ አድርግላት፤ ሶ መንገድ ላይ እንዳታስቀራት።»

ቁልፉን አንሥታ ስትሰጣቸው በመስታወቱ ውስጥ አየሁ። ልነሣ እችል ነበር። ከነቢጎዲኔ አደባባይ መውጣትን ተጠይፌ ተቀመጥሁ።

ከግማሽ ሰዓት ገደማ በኋላ ጋሼ እጅጌያቸውን ጠቅልለው፣ እጃቸው ርሶ፣ በኋላው በር ብቅ አሉና እህቴን ጨርቅ ጠየቋት። ካስኩን ወደ ላይ ገፋሁት። ቤቱ ውስጥ ያሉት ሁሉ እንዲሰሙ አድርጌ ተናገርሁ።

«ጋሼ፣ ውሃ ብቻ ነው። ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ የተጣራ ውሃ አለልዎ። ቴርሞስታቱን እንዳይነኩት።»

ጨርቁን ተቀብለው ግራ እጃቸውን ቀስ ብለው ጠረጉ። ለአፍታ ያህል አዩኝ።

«እሺ፣ የኔ ልጅ» አሉ።

ቀኝ እጃቸውን በጃኬታቸው ኪስ እንደከተቱ ወጡ።

ስጨርስ ኮፈኑ ተዘግቶ፣ ከመኪናዋ በታች ያለው ሲሚንቶ በሰፊው ርሶ አገኘሁት። ውሃ ለመጨመር ብቻ ይህን ያህል መሬት አይርስም። ጋሼ ቁልፉን በሁለት እጃቸው ሰጡኝ።

«አሁን አሰብ ድረስ ብትነጂያት አትሞቅም።»

«ሌላ የነኩት ነገር አለ፣ ጋሼ?»

«ምን እነካለሁ? ይልቅ ግቢ፣ ይኼን የመሰለ ፀጉር ንፋስ እንዳያበላሽብሽ።»

ገብቼ ተቀመጥሁ። ኮፈኑን የሚከፍተው እጀታ ከግራ ጉልበቴ አጠገብ ነው፤ እጄን አሳረፍሁበት። ጋሼ በመስኮቱ በኩል ቆመዋል፣ እህቴ በር ላይ ሆና እጇን ታውለበልባለች። ሽማግሌ በነጻ የሠሩትን ሥራ ዓይናቸው እያየ ከፍቶ መፈተሽ በእኛ ዘንድ ከስድብ ይቆጠራል፤ ማንም ያላስተማረኝ፣ ማንም ግን ያላጣው ሕግ ነው። ይሉኝታን ለብዙ ዓመት ስኮንን የኖርሁ ሴት ነኝ። የዚያን ዕለት እጄን ከእጀታው ላይ አነሣሁና ሞተሩን አስነሣሁ።

ቤቴ ደርሼ መክፈት እችል ነበር። ለዓርብ የማቀርበውን ትምህርት ስጽፍና ስሰርዝ አመሸሁ። ሐሙስ ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ መርፌው ከመካከሉ በታች፣ የእርሳስ ውፍረት ያህል ዝቅ ብሎ ቆመ። አየሁት። በደብተሬም ጻፍሁት፤ «ሐሙስ፣ መርፌው ዝቅ ብሏል።» ምክንያቱን የምጽፍበትን ቦታ ባዶ ተውሁት። በሁለተኛ ዓመት ካስተማርኋቸው ልጆች አንዱ ምክንያቱን በአንድ ዐረፍተ ነገር ይነግረኝ ነበር።

ዓርብ ለአርባ ደቂቃ መንገድ አንድ ሰዓት ተኩል መድቤ ከቤት ወጣሁ። ቀኑ ከማለዳው ጀምሮ ይጠብስ ነበር። ሃያ ደቂቃ ያህል እንደሄድሁ ወደ ደቡብ የሚወስደው ሰፊ አውራ ጎዳና፣ ፍሪዌዩ፣ ተዘጋጋ፤ ፊት ለፊት አደጋ ደርሶ ኖሮ መኪናው ሁሉ በእግር ፍጥነት መንቀሳቀስ ጀመረ። መርፌው ወደ መካከሉ ወጣ፣ አለፈው። ማድረግ የሚገባኝን አደረግሁ፤ የውስጥ አየር ማቀዝቀዣውን አጥፍቼ፣ መስኮቶቹን ሁሉ ከፍቼ፣ ከሞተሩ ላይ ሙቀት ይወስድ ዘንድ የውስጥ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ከፈትሁት። በዚያ ቀን፣ በጥቁር ሱፍ ልብስ፣ ማሞቂያ ፊቴ ላይ እየነፈሰ። መርፌው ሦስት አራተኛ ላይ ደረሰ። ሦስት አራተኛ ላይ የደረሰ ሞተር ወዲያው መጥፋት አለበት፤ ይህ ክርክር የሌለበት ነገር ነው። ሰዓቴን አየሁ፤ ሦስት ሰዓት ከሃያ። መውጫው ይታየኛል። አራት ደቂቃ ነዳሁ።

እነዚያ አራት ደቂቃዎች የእኔ ናቸው። ለማንም አላሸክማቸውም።

መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነበር፤ የኩላንት ሽታ ይጣፍጣል፣ የተቃጠለ ስኳር ይመስላል። ከዚያ በኮፈኑ ጠርዞች ነጭ እንፋሎት ወጣ፣ ሞተሩም እግሬ ሥር ጉልበቱን አጣ። ወደ መንገዱ ዳር አወጣኋት። በዚያ ሰዓት እንኳን የራዲያተሩን ክዳን አልነካሁም። ከብረት አጥሩ ማዶ ቆሜ ወደ ኮሌጁ ደወልሁ። ጸሐፊዋ ትሑት ነበረች፤ የኮሚቴው ሰዓት እስከ እኩለ ቀን በሌሎች አመልካቾች እንደተያዘ፣ ከፈለግሁ ግን በተቀጠረው ሰዓት በስልክ ሊያነጋግሩኝ እንደሚችሉ ነገረችኝ። በአራት ሰዓት ደወሉ። የመጀመሪያው ጥያቄ ሙቀት እንዴት እንደሚተላለፍ ለጀማሪ ተማሪ እንዳስረዳ ነበር። ከአጠገቤ የወደብ ኮንቴይነር የጫኑ መኪኖች ያልፋሉ። ጀመርሁ፤ «ይቅርታ፣ አልሰማንሽም» አሉኝ። ደግሜ ጀመርሁ። ሦስተኛ ጊዜ ስጀምር አንደኛው ሰው ከጎኑ ላለ ሰው ሌላ ነገር ሲያወራ ሰማሁት። ሲያበቁ አመሰገኑኝ። ከሁለት ሳምንት በኋላ የመጣው ደብዳቤ አንድ ዐረፍተ ነገር ነበር።

መኪናዋን ጎትተው ሃውቶርን ለአንድ ሳልቫዶራዊ መካኒክ ሰጡልኝ። በማግስቱ ጠርቶ፣ ቴርሞስታቱ የሚቀመጥበትን ቤት ፈትቶ፣ ጣቱን ወደ ውስጥ ከትቶ አዞረና ባዶ መሆኑን አሳየኝ። የሞተሩ ራስ በሙቀት ጎብጧል፤ እርሱን ማሠራት ከመኪናዋ ዋጋ በላይ ነው። የወጣው ውሃ የቧንቧ ውሃ ነበር፤ ኩላንቱ የሽታ ያህል ቀርቶታል። ማን እንደሠራው ሲጠይቀኝ «ዘመድ» አልሁት። ራሱን ነቀነቀ።

በሦስተኛው እሑድ ሦስት ሽማግሌዎች ወደ ቤቴ መጡ። ሻይ አቀረብሁ።

«ልጄ፣ የመጣነው ለእርቅ ነው» አሉ ትልቁ።

«ጋሼ ምን አደረግሁ ብለው ነው የላኳችሁ?»

ተያዩ። «አዝነዋል። ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው መሬት መሬት ነው የሚያዩት።»

«ያዘኑት በምንድን ነው?»

«በሆነው ነገር ነዋ!»

«የሆነው ነገር ምንድን ነው?»

«ኧረ አንቺ ሴት፣ ፍርድ ቤት አደረግሽው እኮ» አሉ ሦስተኛው፣ በዕድሜ ከእኔ ብዙም የማይበልጡት። «መኪና ነው። ያረጃል፣ ይሞታል። ሃያ አምስት ዓመት የሞላውን ብረት ለሰው ሕይወት ታደርጊዋለሽ?»

«ቴርሞስታት አርጅቶ ከሞተር ውስጥ በራሱ አይጠፋም።»

ትልቁ ሽማግሌ እጃቸውን አነሡ። «ዝርዝሩ ውስጥ አንግባ። ለእኛ ስትይ፣ ለእግዚአብሔር ስትይ ይቅር በያቸው። እሳቸውም ይቅር ይሉሻል።»

«እሳቸው የእኔን ምን?»

ሻዩ ሳይነካ ቀረ። ሳምንት ሳይሞላ፣ ሽማግሌ አባረረች የሚል ወሬ ከፌርፋክስ ጫፍ እስከ ጫፍ ተዳረሰ። እህቴ ፀጉር ቤት ስገባ የሚሠራው እጅ ይቀጥላል፣ ወሬው ይቆማል። አሁን ካልቨር ሲቲ የምደርሰው በሁለት አውቶቡስ ነው፤ ወደ ፌርፋክስም የምሄደው ከስንት አንዴ ነው።

ባለፈው ወር እህቴ በፌስታል የተጠቀለለ ትንሽ ሣጥን ይዛ መጣች።

«ጋሼ ስጪልኝ አለኝ።»

ከላይ የተጻፈውን ቁጥር አነበብሁ። አዲስ ቴርሞስታት ነበር፣ ልክ ለእኔ መኪና ዓይነት የሚሆነው።

«ሶ ገባሽ አይደል?» አለች እህቴ። «አምኗል ማለት ነው። ከዚህ በላይ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«መኪናዋ የለችም።»

«ኦኬ፣ ግን አስቦሻል! ሽማግሌ ሰው ሱቅ ለሱቅ ዞሮ...»

«ሲሰጡሽ ምን አሉ?»

«ምንም። አንገቱን ደፍቶ ሰጠኝ።» ቦርሳዋን አነሣች። «አንቺ እኮ ሰው አጠገብሽ እንዲሞቅ አትፈልጊም።»

ሣጥኑ እስካሁን ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ጋሼ ክፍሉን እንዳወጡት ይነግረኛል፤ ያን ከመካኒኩ ጣት አውቄዋለሁ። የማላውቀው ሰዓቱን ነው። ስለ ሰዓቱ ደግሞ ሽማግሌዎቹም፣ እህቴም፣ ሣጥኑም ሊነግሩኝ አይችሉም፤ በዚያ በር ላይ የነበረውን የሚያውቁት አንድ ሰው ብቻ ናቸው።

ጋሼ፣ ይህ ለእርስዎ ነው።

በሩ ላይ ቆመው እሺ ሲሉኝ ክፍሉ አስቀድሞ ወጥቶ ከነበረ፣ ሴቶች እየሰሙ «አውጥቼዋለሁ» ማለት አሳፍሮዎት ዝም ብለው፣ በዚያው ዝምታ አሳልፈው ሰጡኝ ማለት ነው። ያንን ልረዳው እችላለሁ። እኔም እርስዎን ላለማሳፈር ኮፈኑን ሳልከፍት ሄጃለሁ፤ በአንድ ነገር ተይዘን ነበር ማለት ነው፣ ሁለታችንም። ክፍሉ ገና በቦታው ከነበረ ግን፣ ቃሌን ሰምተው፣ እሺ ብለው፣ ተመልሰው ሄደው በገዛ እጅዎ ፈቱት። ያኔ አራት ዓመት ሙሉ በካርቶን ጀርባ የሣልሁልዎት፣ ዘጠኝ ዓመት ያስተማርሁት፣ ዓርብ ዕለት በመንገድ ዳር በስልክ ልናገረው የሞከርሁት ሁሉ በዓይንዎ የፀጉር ቤት ጨዋታ ነበር። ይህን ደግሞ ይቅር ማለት የምችል አይመስለኝም።

በሽማግሌ አይላኩብኝ። ዕቃም አይግዙልኝ። በሚቀጥለው ረቡዕ ከሰዓት በኋላ በአሥር ሰዓት በወንበርዎ አጠገብ እቆማለሁ። «እሺ፣ የኔ ልጅ» ሲሉኝ ቴርሞስታቱ የት ነበር፤ ሞተሩ ውስጥ ወይስ በጃኬትዎ ቀኝ ኪስ? አንድ ቃል ይበቃኛል።